አባባ ተስፋዬና የተረት መልስ

ልጅ ሳለሁ እኛ ሰፈር፣ ሳሪስ አቦ፣ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት አንድ ነበር። የልጆች ዝግጅት ሲደርስ ደጃፉ ላይ ጭቃ የለበሰ ኮንጎ ጫማ ይደረደራል፤ የቤቱ እመቤት፣ እትዬ የምንላቸው፣ «እግራችሁን ጥረጉ!» እያሉ ሰሌን ያነጥፉልናል። ከዚያ አባባ ተስፋዬ ብቅ ይላሉ።

ተስፋዬ ሳህሉ በ1915 ዓ.ም. ባሌ ተወለዱ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የልጆችን ዝግጅት ያዙ፤ 42 ዓመት ያህልም ተረት አወሩበት። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አረፉ።

ብዙ ሰው «ልጅ የሚወዱ ደግ አዛውንት» ብሎ ያልፋቸዋል። ደግነታቸው እውነት ነው፤ ሙያቸው መረሳቱ ግን ያስቆጨኛል። ቴሌቪዥን ሳይመጣ በፊት የመድረክ ሰው ነበሩ። ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን ሴት ሆነው ተጫውተዋል፤ ኮሪያም ዘልቀው እዚያ የዘመቱትን የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች አዝናንተዋል። አንበሳው ሲያጓራ፣ ጦጣዋ ስትቀላምድ የሰማነው ድምፅ በዚያ ሁሉ መድረክ የተገራ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን መልሱ ነው። የእኛ ተረት ያለ ተቀባይ አይጀመርም። ተራኪው «ተረት ተረት» ካለ በኋላ አፉን ይዞ ይጠብቃል፤ ሰሚው ካልመለሰለት ተረቱ እዚያው ይቀራል። መጽሐፍ ለብቻ ይነበባል፤ ተረት ግን የሁለት ሰው ሥራ ነው። ቴሌቪዥን ደግሞ ጆሮ የለውም። እኛ ግን እንመልስ ነበር! አባባ ተስፋዬ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉን ከሰሌኑ ብድግ ብለን «አብሮ ይስጥልን!» እንላለን። እትዬም አንድ ቀን እንኳ «አይሰሟችሁም» ብለውን አያውቁም፤ ቡና እየቆሉ አብረውን ይመልሱ ነበር።

ስለዚህ ስልኩን ለልጁ ሰጥተው፣ ተረት ከፍተው፣ ወደ ጓዳ የሚገቡ ወላጆችን እወቅሳለሁ። ተረቱን ሰጣችሁት እንጂ ጨዋታውን አልሰጣችሁትም። ተረት የሚያወራ ሰው ባይገኝ እንኳ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚመልስ አይጥፋ።

በቀደም የእህቴን ልጅ ስልክ ላይ ተረት ስትሰማ አገኘኋት። ድምፁ «ተረት ተረት» አለ፤ እሷ ዝም። እንደሚመለስ የነገራት የለም። ስልኩን ተቀብዬ አጠፋሁና እኔው ጀመርኩላት። መልሱንም አስተማርኳት። መጀመሪያ አፍራ ሳቀች። እንደገና «ተረት ተረት» ስላት ግን ጎረቤት እስኪሰማ ጮኻ መለሰች።