በስም የተያያዘ ገላ

በስሪዲ ሶፍትዌር የሚሠራ የሰው አካል ሁለት ነገር ነው፤ ከላይ የሚታየው ቆዳና ከሥሩ የተደበቀው አጽም። ቆዳው በሺዎች ከሚቆጠሩ ጥቃቅን ገጾች የተሠራ ስስ ቅርፊት ሲሆን በራሱ አይንቀሳቀስም። ባለሙያው አንዱን አጥንት ሲያዞር የተመደበለት የቆዳ ክፍል ይከተለዋል። የትኛው ቆዳ የየትኛው አጥንት እንደሆነ ኮምፒውተሩ በምን ያውቃል? በብዙ ሶፍትዌሮች በስሙ ነው። እዚህ ሙያ ውስጥ ስም ጅማት ነው፤ አንድ ፊደል ሲሳሳት ይበጠሳል።

ላሪ ዋይንበርግ የፈጠረውና እ.ኤ.አ. በ1995 ለገበያ የቀረበው ፖዘር የተባለው ሶፍትዌር አሠራሩን በግልጽ ያሳያል። በፖዘር የቆዳው ቅርጽ በአንድ ፋይል፣ የአጽሙ መመሪያ በሌላ ፋይል ይቀመጣል። ሁለቱም ተራ ጽሑፍ ስለሆኑ ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። በአንደኛው ፋይል «ቀኝ ጭን» የተባለ የቆዳ ክፍል ካለ፣ በሌላኛው በዚያው ስም የሚጠራው አጥንት ያዝዘዋል። አንድ ፊደል ከጎደለ ወይም ትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል በትልቁ ከተተካ ግን አጥንቱ ሲዞር ጭኑ ባለበት ይቀራል።

ችግሩ በልብስ ላይ ይብሳል። በፖዘር ሸሚዝም የራሱ አጽም አለው፤ ለባሹን የሚከተለው የአጥንቶቹ ስም ከለባሹ አጥንቶች ስም ጋር ሲገጥም ነው። የላይኛው ክንድ የተሰየመው «ሾልደር» (ትከሻ) በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሲሆን፣ ቃሉ አናባቢዎቹ ወጥተው አጥሮ ተጽፏል፤ ከፊቱም ግራን ወይም ቀኝን የምታመለክት አንዲት ትንሽ ፊደል አለች። የልብሱ ሠሪ «ላስተካክለው» ብሎ ቃሉን አሟልቶ ከጻፈው እጅጌው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ክንዱ ሲነሳ ጨርቁን ጥሶ ይወጣል። ለኮምፒውተሩ ትክክለኛው አጻጻፍ መጀመሪያ የተጻፈው ነው።

በዚህም የተነሳ፣ ስህተት ያለበት ሞዴል አንዴ ከተሰራጨ በኋላ ማረሙ ራሱ ሌላ ጥፋት ያስከትላል። ለሞዴሉ የተዘጋጁት ልብሶችና እንቅስቃሴዎች ሁሉ የሚፈልጉት የተሳሳተውን ስም ነው። የኢንተርኔት ታሪክም ይህንኑ ያውቃል። አንባቢው ከየትኛው ገጽ እንደመጣ የሚናገረው «ሪፈረር» የተባለው የኤችቲቲፒ መስመር፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሰነድ ላይ አንድ «አር» ጎድሎት ተጻፈ፤ ዛሬም ድረስ እንደጎደለው ይሠራል።

ግራና ቀኝም ብዙ ጀማሪዎችን ያሳስታል። ጎኑ የሚቆጠረው በገጸ ባሕርይው እንጂ በተመልካቹ አይደለም። በብሌንደር ሶፍትዌር የአጥንቱ ስም መጨረሻ ላይ ነጥብና የጎን ምልክት ይጨመራል፤ ሶፍትዌሩ የግራውን አቋም ወደ ቀኝ የሚገለብጠው ያን ምልክት አይቶ ነው። ከሌሎቹ መሣሪያዎች አንሪል የጎኑን ፊደል ከኋላ ሲያስቀምጥ ሚክሳሞ «ሌፍት» (ግራ) የሚለውን ቃል አሟልቶ ከፊት ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አይኤስኦ/አይኢሲ 19774 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ለመገጣጠሚያዎች የጋራ ስም ቢያወጣም፣ አምራቾቹ በየራሳቸው ልማድ ስለቀጠሉ ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው የሚሻገር እንቅስቃሴ ዛሬም ስምን ከስም የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ያስፈልገዋል።

በአማርኛ መሰየም ለሚፈልግ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር አግኝቷል። «ዐይን»፣ «ዓይን» እና «አይን» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ አጥንቶች ናቸው። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው በዚያው መጽናት ግድ ይላል።

መፍትሔው የሚጀምረው የመጀመሪያው አጥንት ከመቀመጡ በፊት ነው። የስሞቹ ዝርዝር አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ሥራው ሲያልቅ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በግራም በቀኝም ታጥፎ ይፈተሽ። ስህተቱ ከስርጭት በኋላ ከተገኘ የውስጡን ስም ሳይነኩ ለተጠቃሚው የሚታየውን ብቻ ማረም ይሻላል፤ ዳዝ ስቱዲዮ የተባለው ሶፍትዌር ሁለቱን ለይቶ ስለሚይዝ ይህን ይፈቅዳል። ሞዴል ሠሪው የጻፈው ስም የእሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ነገ ልብስ የሚሠራለትና እንቅስቃሴ የሚያዘጋጅለት ሰው የሚመካው በዚያ ስም ላይ ነው። ስሞቹን አንድ በአንድ አንብቦ መልቀቅ የሠሪው ኃላፊነት ነው።