ጨቅላ ሕፃን ሌሊት ለምን ይነቃል?

አዲስ የተወለደ ሕፃን ሌሊትን ከቀን አይለይም። ሆዱ ትንሽ፣ የእናት ጡት ወተትም ቶሎ የሚፈጭ ስለሆነ በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ መንቃቱ የጤንነት እንጂ የሕመም ምልክት አይደለም። ይህን ያልተረዱ ቤተሰቦች «ወተቷ አላጠገበውም» በማለት የስኳር ውኃ ወይም ቅቤ ያቀምሱታል፤ እጅግ ጎጂ ልማድ ነው! እስከ 6 ወር ድረስ የጡት ወተት ብቻ ይበቃዋል።

ሌሊት ሲጠባ መብራቱ ደብዘዝ፣ ድምፅም ዝቅ ይበል፤ ቀን ግን ብርሃንና ጨዋታ አይከልከል። ከ3ኛው ወር ገደማ ጀምሮ የሌሊት እንቅልፉ ቀስ በቀስ ይረዝማል። ማንቀላፋት ሲጀምር በጀርባው ይተኛ፤ ትራስ አያስፈልገውም። አባት ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሕፃኑን ተቀብሎ ቢያስገሳው እናቲቱ ጥቂት ታርፋለች፤ በዚህ ረገድ እኛ አባቶች ሰነፎች ነን። ትኩሳት ካለው ወይም መጥባት እምቢ ካለ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።