አራቱ ካስማዎች

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ትልቅ ጄኔሬተር ወይም የስልክ ማማ ከመተከሉ በፊት ባለሙያዎች አራት አጫጭር የብረት ካስማዎችን በአንድ መስመር፣ በእኩል ርቀት ሲተክሉ ይታያሉ። የሚለኩት አፈሩን ነው። የመብረቅን ጉልበት ወደ መሬት የሚያወርደው የግራውንድ ዘንግ የሚጠቅመው አፈሩ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ ነውና።

ዘዴው የተገኘው እዚሁ ዋሽንግተን ነው። የፊዚክስ ሊቁ ፍራንክ ዌነር በብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ሲሠራ በ1915 እ.ኤ.አ. አሳተመው። በዳርና በዳር ባሉት ካስማዎች ኤሌክትሪክ ይላካል፤ በመካከለኞቹ ቮልቴጅ ይለካል። ሥራው ለሁለት በመከፈሉ ካስማው አፈሩን በደንብ ባይነካም ልኬቱ ብዙም አይዛባም። ቮልቴጁ ለኤሌክትሪኩ መጠን ሲካፈል እገዳው በኦም ይገኛል፤ ያ በካስማዎቹ ርቀትና በ6.28 ሲባዛ የአፈሩ ሬዚስቲቪቲ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የማገድ ባሕርዩ፣ ይታወቃል። ካስማዎቹ በተራራቁ ቁጥር ልኬቱ ወደ ጥልቁ ይወርዳል።

ለምሳሌ ርቀቱ 3 ሜትር፣ ንባቡ 5 ኦም ቢሆን ውጤቱ ወደ 94 ኦም ሜትር ይሆናል። በዚህ አፈር 2.4 ሜትር የሚረዝም፣ 16 ሚሊሜትር የሚወፍር ዘንግ ቢቀበር በስሌት 38 ኦም ገደማ ይሰጣል። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኮድ ደግሞ አንድ ዘንግ ብቻውን ከ25 ኦም ካልበለጠ ነው የሚቀበለው፤ አለዚያ ቢያንስ 1.8 ሜትር ርቆ ሁለተኛ ይጨመራል። ልኬቱ ይህን ገና ከመቆፈር በፊት ይናገራል።

የጎረቤትን ውጤት መዋስ ግን አያዋጣም። ሲልቨር ስፕሪንግ የተቀመጠችው ጠንካራ ጥንታዊ አለት ባለበት ምድር ላይ ነው፤ አብዛኛው አሌክሳንድሪያ ደግሞ ወንዝና ባሕር ባከማቹት አሸዋ፣ ጠጠርና ሸክላ አፈር ላይ። እርጥብ ሸክላ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሳልፋል፤ አለትና ደረቅ ጠጠር ያግዳሉ። ክረምት ላይ የላይኛው አፈር በረዶ ሲሠራም እገዳው ይጨምራል። የተቀበረ የውኃ ቧንቧ ደግሞ ንባቡን ያሳስታል፤ ስለዚህ መስመሩን አዙሮ ዳግመኛ መለካት ደንብ ነው።

ቤት ወይም ሱቅ የምታስገነቡ ወገኖች፣ ኤሌክትሪሺያናችሁን የአፈሩን ልኬት በጽሑፍ ጠይቁት። ዘንግ ከመቀበሩ በፊትም 811 ይደወል፤ የተቀበሩ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሮች ያለ ክፍያ ምልክት ይደረግባቸዋል።