የዴስክቶፕ ፕሮግራም መፈተሻ ማዕቀፍ ሲመረጥ ጀማሪዎች ሊያጤኗቸው የሚገቡ ነጥቦች

በመስኮት፣ በአዝራርና በቅጽ የሚሠሩ የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ዛሬም በሱቆች፣ በመጋዘኖችና በመዝገብ ቤቶች አገልግሎት በመስጠት ላይ ይገኛሉ። ማሻሻያ በተደረገ ቁጥር እያንዳንዱን አዝራር በእጅ እየተጫኑ መፈተሽ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ከመሆኑም በላይ ሳይታይ የሚያልፍ ስህተት አይጠፋም። ፍተሻውን በራሱ የሚያከናውን ማዕቀፍ ያስፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይሁንና ጀማሪዎች ማዕቀፍ የሚመርጡት ብዙውን ጊዜ ዝናውን ሰምተው ነው። ከዝናው አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ግን ማዕቀፉ መስኮቱን የሚለየው በምን ዘዴ እንደሆነ ነው።

ዘዴዎቹ በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው አዝራሩ በስክሪን ላይ ያለበትን ነጥብ መዝግቦ እዚያው ላይ መጫን ነው። ይህ ለመጀመር ቀላል ቢሆንም መስኮቱ ጥቂት ፈቀቅ ሲል ፍተሻው ይከሽፋል። ሁለተኛው የአዝራሩን ምስል በስክሪን ላይ መፈለግ ሲሆን፣ ሲኩሊኤክስ የሚሠራው በዚህ ዘዴ ነው። ሌላ ዘዴ በማይሠራባቸው ፕሮግራሞች ላይ ቢጠቅምም የፊደሉ ቅርጽ ወይም ቀለሙ ሲለወጥ አዝራሩን ሊስተው ይችላል።

ሦስተኛው፣ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነቡ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበትን የኦፕሬቲንግ ሲስተም ሥርዓት መጠቀም ነው። በዚህ ሥርዓት አዝራሩ ስሙንና ዓይነቱን ስለሚያሳውቅ ቦታው ቢቀየርም ይገኛል። በዊንዶውስ ላይ ይህን አገልግሎት የሚሰጠው ዩአይ ኦቶሜሽን ሲሆን፣ በፓይተን ለሚጽፉ ፓይዊንኦቶ፣ በሲ ሻርፕ ለሚጽፉ ደግሞ ፍላዩአይ ይህንኑ ሥርዓት ይጠቀማሉ። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። በሊነክስ ዶግቴይል፣ በማክ ደግሞ አፕል እ.ኤ.አ. በ2015 በኤክስኮድ 7 ያቀረበው የመስኮት ፍተሻ ተመሳሳይ ተግባር ያከናውናሉ። ሆኖም ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያ ለአዝራሮቹ ቋሚ መለያ ካልሰጠ የዘዴው ጥቅም ይቀንሳል።

ፕሮግራሙ የተሠራበት መሣሪያም ምርጫውን ይወስናል። በጃቫኤፍኤክስ ለተሠራ ቴስትኤፍኤክስ፣ በኪዩት ለተሠራ ኪዩት ቴስት ተስማሚ ናቸው። ማዕቀፉ እየታደሰ መሆኑንም ማረጋገጥ ይገባል። ለአብነት የማይክሮሶፍት ዊንአፕድራይቨር በስፋት ቢታወቅም የመጨረሻው የተረጋጋ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

አማርኛ ለሚቀበሉ ፕሮግራሞች ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ የአማርኛ ፊደል ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከአንድ በላይ ቁልፍ በመጫን ነው። ጽሑፉን በቀጥታ ወደ ቅጹ የሚያስገባ ፍተሻ ያለ ችግር ቢያልፍም ተጠቃሚው በቁልፍ ሰሌዳ ሲጽፍ የሚገጥመውን ስህተት ላያሳይ ይችላል። በመሆኑም ማዕቀፉ ሁለቱንም መንገዶች መፈተሽ መቻሉ አስቀድሞ ሊታይ ይገባል።

ከመወሰን በፊት በፕሮግራሙ አስቸጋሪ መስኮት ላይ፣ ለምሳሌ ሰንጠረዥ ባለበት፣ በሁለት ማዕቀፎች ጥቂት ፍተሻዎችን መጻፍ ይመከራል። ከዚያም የአዝራሩን ቦታና የፊደሉን መጠን ለውጦ ፍተሻዎቹን እንደገና ማስኬድ ነው። ሳይታረም የሚሠራው ለምርጫ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል። በየማሻሻያው እርማት የሚፈልግ ፍተሻ ውሎ አድሮ ይተዋል፤ ያኔ ስህተቱን ቀድሞ የሚያገኘው ተጠቃሚው ይሆናል።