ንጹህ የእንጉዳይ ዘር በግምጃ ቤት ማጀት

ገለባ ቀቅሎ፣ ፌስታል ሞልቶ፣ ዘር ነስንሶ፣ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ሰቅሎ የጠበቀ ሰው፣ ነጭ ይሆናል ያለው ፌስታል አረንጓዴ ሲሆንበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ገለባውን ነው። ቀጥሎ ውሃውን፣ ከዚያም ቤቱን። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀድሞ የተሠራ ነው፤ ዘሩ ራሱ ሻጋታ ይዞ መጥቷል።

ግምጃ ቤት፣ የአዊ ዞን የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ዋና ከተማ፣ ገለባ አይቸግራትም። የጤፉ፣ የስንዴውና የገብሱ ገለባ፣ የበቆሎው ቆረቆንዳ በየደጁ አለ። እንጉዳይም በጾም ወራት ገዢ አያጣም። የሚቸግረው ዘሩ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዳዊት አባተ የኦይስተር እንጉዳይን በአገር ውስጥ ተረፈ ምርት ማብቀልን አጥንተው የአመራረት መመሪያ ጽፈዋል፤ ከእሳቸው ወዲህ ሥራውን ብዙ ሰው ጀምሮታል። ዘር የሚያዘጋጁት ላቦራቶሪዎች ግን አሁንም በአብዛኛው አዲስ አበባና ጥቂት ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ናቸው። ከአዲስ አበባ ግምጃ ቤት ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ዘር ሲደርስ ደክሞ ይደርሳል። ስለዚህ ንጹህ እናት ዘር እዚያው ቤት ውስጥ ማዘጋጀት መቻል ትልቅ ነገር ነው። ይቻላልም።

መሣሪያው አጋር የሚባል፣ ከባሕር አረም የሚወጣ ዱቄት ነው። ከሚመግብ ፈሳሽ ጋር ፈልቶ ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሊ ይረጋል። የእንጉዳዩ ነጭ ድር በዚያ ላይ ይዘረጋል። ብዙ ሰው አጋሩ የሚያስፈልገው ለምግብነት ይመስለዋል፤ ምግቡንስ ገለባም ይሰጣል። አጋር የሚሰጠው ዋና ነገር ማሳየት ነው። ገለባና እህል ውስጥ ሻጋታና እንጉዳይ ተቀላቅለው ለሳምንታት ሳይታዩ ይኖራሉ። ጠፍጣፋና ብርሃን የሚያሳልፍ ገጽ ላይ ግን ሁሉም በየራሱ ቦታ፣ በየራሱ መልክ ይወጣል፤ ያኔ ጥሩውን ከመጥፎው በምላጭ መለየት ይቻላል።

ይህ ዘዴ የተወለደው ከማጀት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ጀርመናዊው ሮበርት ኮህ ባክቴሪያን ለይቶ ለማሳደግ መጀመሪያ የተጠቀመው የተቀቀለ ድንች ቁራጭ ነበር፤ ቀጥሎ ጄላቲን ሞከረ። ጄላቲን ግን በሞቃት ቀን ይቀልጣል፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎችም ይበሉታል። እ.ኤ.አ. በ1881 ከኮህ ጋር ይሠራ የነበረው ሐኪም ዋልተር ሄሰ ይኸው ቸግሮት ሳለ፣ መላውን የነገረችው ሚስቱ ፋኒ ሄሰ ነበረች። ጄሊዋ በበጋ የማይቀልጠው በአጋር ስለምትሠራው ነበር፤ አጋርን ያወቀችው ደግሞ ጃቫ ኖረው ከመጡ ጎረቤቶቿ ነው። ኮህ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ጀርም ማግኘቱን ሲያስታውቅ አጋርን ጠቅሷል፣ የእሷን ስም ግን አላነሳም። ሽፋን ያላትን ክብ ሳህን ሪቻርድ ፔትሪ ያስተዋወቀው በ1887 ነው። ዛሬ ፔትሪ ዲሽ የምንለው እሱን ነው።

ለእንጉዳይ የሚስማማው የተለመደ ምግብ ደግሞ ድንች ነው፤ ድንች በአዊ ከማንኛውም ነገር ቀድሞ ይገኛል። ለግማሽ ሊትር 100 ግራም የተላጠ ድንች ቆራርጣችሁ እስኪለሰልስ ቀቅሉ፣ በንጹህ ጨርቅ አጥልሉ፣ ውሃውን መልሳችሁ ግማሽ ሊትር ሙሉ። 10 ግራም ስኳርና 10 ግራም አጋር ጨምራችሁ እያማሰላችሁ አፍሉት። አጋሩ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟው ወደ መፍላት ሲቃረብ ነው፤ ቀድማችሁ ካወረዳችሁት ከላይ ውሃ፣ ከታች ጓል ይሆናል። ማር በስኳር ምትክ ይሠራል። ለጠላ የተዘጋጀ የገብስ ብቅልም ሌላው ጥሩ መንገድ ነው፤ የተፈጨውን ብቅል እጅ በማያስነካ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፋችሁ ካጠለላችሁት ጣፋጭ ፈሳሽ ይሰጣል። ጌሾ የገባበት ግን አይሆንም፤ ጌሾ ረቂቅ ሕዋሳትን ይጫናል።

ፔትሪ ዲሽ ከሌለ ሰፋ ያለ አፍ ያለው አጭር የመስተዋት ማሰሮ በቂ ነው። ለቤት ሥራ እንዲያውም ከፔትሪ ዲሽ ይሻላል እላለሁ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በፔትሪ ዲሽ የምትሠሩ ከሆነ አጋሩ ከተቀቀለ በኋላ ክፍት አየር ላይ ማፍሰስ ግድ ነው። በማሰሮ ግን ፈሳሹን የጣት ውፍረት ያህል ቀድማችሁ ትቀዱና ከነክዳኑ ትቀቅሉታላችሁ። ክዳኑን በምስማር ብሱት፣ ቀዳዳውን በጥጥ ጠቅጥቁት፣ ከላይ በፎይል ሸፍኑት። ጥጡ አየር ያስገባል፣ አቧራ ያስቀራል፤ ከራሰ ግን አያጣራም።

አሁን ወደ እሳቱ። እዚህ ላይ ነው የደጋ ሰው ከመጽሐፍ የሚለየው። መጽሐፎቹ በፕሬሸር ድስት 121 ዲግሪ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይላሉ። ያ ልክ ለባሕር ጠረፍ ነው። ወደ 2500 ሜትር በሚጠጋው የዞኑ ዋና ከተማ የእንጅባራ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 ገደማ ላይ ነው። ፕሬሸር ድስትም የሚጨምረው ግፊት በአካባቢው አየር ግፊት ላይ የሚደረብ ስለሆነ፣ ጠረፍ ላይ 121 የሚያደርሰው ድስት እዚያ 117 አካባቢ ይቆማል። አራት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ ለባክቴሪያ ግን ከእጥፍ በላይ የጊዜ ልዩነት ናት። ስለዚህ 20 ደቂቃ የተባለውን 50 ደቂቃ አድርጉት፤ ብዙ የቤት ድስቶች ከላቦራቶሪው ያነሰ ግፊት ስለሚሰጡ ሙሉ ሰዓት ብትሰጡትም አይበዛም። ግምጃ ቤትም ከ2000 ሜትር በላይ ናትና ሒሳቡ ብዙም አይለወጥላትም። ሰዓቱ የሚቆጠረው ደግሞ እሳቱ ከተለኮሰበት ሳይሆን እንፋሎቱ አየሩን አስወጥቶ ድስቱ ማፏጨት ከጀመረበት ነው።

ይህን ያህል መጠንቀቅ ለምን? አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሲጨንቃቸው ጠንካራ ቅርፊት ለብሰው ይተኛሉ። ይህ ስፖር የሚባለው መልካቸው ተራ መፍላትን ይችላል፤ ሲቀዘቅዝለት ይነቃል። ፕሬሸር ድስት የሌለው ሰው የሚያመልጥበት አንድ መንገድ አለ፣ ጆን ቲንዳል የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ ሳይንቲስት በ1870ዎቹ ያገኘው፦ ማሰሮዎቹን በተራ ድስት፣ በእንፋሎት፣ ለ40 ደቂቃ ያህል፣ ሦስት ቀን ተከታትሎ መቀቀል። መጀመሪያ ቀን የነቃው ይሞታል፤ የተኛው ሌሊቱን ይነቃል፤ በማግስቱ እሱም ይሞታል። የአዊ ሌሊት ቀዝቃዛ ነውና ማሰሮዎቹን በመሀል ምድጃ አጠገብ አኑሯቸው። በብርድ የተኛ ስፖር አይነቃም፣ ካልነቃ ደግሞ አይሞትም።

አየሩ ሁለተኛው ጠላት ነው። ሊጥ የሚቦካበት፣ እርሾ የሚቀመጥበት፣ ጠላ የሚጠመቅበት ማጀት እርሾና ሻጋታ የሞላበት አየር አለው። በሦስተኛው ቀን እንጀራ ላይ የሚወጣውን ሰማያዊ ሻጋታ ማንም ዘርቶት አያውቅም፤ ከአየር ወርዶ ነው። ለመቀቀል ማጀቱ ይሁን፤ ለመዝራቱ ግን ሌላ ክፍል ምረጡ። በዚያ ቀን አትጥረጉ፤ መጥረግ የተኛውን አቧራ ያስነሳል። መስኮትና በር ዝጉ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ አብሱ፣ አየሩ እስኪሰክን ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ ብርሃን የሚያሳልፍ ትልቅ የፕላስቲክ ሣጥን ገልብጣችሁ በጎኑ ሁለት የእጅ ቀዳዳ ክፈቱ። ሥራው ሁሉ በዚህ ውስጥ ነው። ሣጥኑ አየሩን አያጣራም፤ የሚያደርገው እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ብቻ ነው። የማይንቀሳቀስ አየር ውስጥ አቧራ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ወደ ጎን አይበርም፤ ስለዚህ ክዳኑን ስታነሱ ከማሰሮው በላይ አድርጋችሁ ያዙት፣ በጎን አታንሱት።

እጅና ምላጭ በ70 በመቶ አልኮል ይታበሳሉ። ከዚያ የጠነከረው 96 በመቶ የተሻለ ይመስላል፣ ግን አይደለም፤ አልኮሉ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ እንዲገድል ውሃ ያስፈልገዋል። አረቄ ደግሞ፣ ዳግም አረቄ እንኳ ቢሆን፣ 70 በመቶ አይደርስም። አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ አልኮል ረጭታችሁ እሳት ሣጥኑ ውስጥ አታስገቡ። የአልኮል እንፋሎት በአንዴ ይቀጣጠላል። ምላጩን ከሣጥኑ ውጭ በመብራት ነበልባል አግላችሁ አስገቡት።

ዘሩ የሚወሰደው ከምን ነው? ከምታውቁት፣ ከተመረተ፣ በዕለቱ ከተቆረጠ ኦይስተር እንጉዳይ። ጫካ ያያችሁትን፣ የጅብ ጥላ ይሁን ሌላ ያልለያችሁትን በቤታችሁ አታባዙ። ወጣት፣ ውሃ ያልጠጣ፣ ጠንከር ያለ እንጉዳይ መርጣችሁ በእጅ ከላይ ወደ ታች ሰንጥቁት። ምላጭ ቢሰነጥቀው የውጩን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ እጅ ግን ውስጡን ሳይነካ ይከፍተዋል። ግንዱ ከባርኔጣው የሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ አየር ነክቶት የማያውቀውን ነጭ ሥጋ፣ የሩዝ ፍሬ ታህል ቆርጣችሁ አጋሩ መሀል አስቀምጡ። የጋለው ምላጭ እንዳይቀቅለው አስቀድማችሁ በአጋሩ ጠርዝ አብርዱት። ከአንድ እንጉዳይ ስድስት ያህል ማሰሮ ዝሩ፤ ሁሉም ይሳካል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ቀኑን ጻፉ፣ አፉን እሰሩ።

ኦይስተር የሚወደው ሙቀት ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ነው። በደጋው ሌሊት ይህ አይገኝምና በብርድ ልብስ በተጠቀለለ ሣጥን፣ ከምድጃ ራቅ ብሎ ሙቀት በሚደርስበት ቦታ አኑሩት።

ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩ፤ አትክፈቱት። ጥሩው ምልክት ከሥጋው ዙሪያ ጥጥ የሚመስል ነጭ ድር ሲወጣና እኩል ሲሰፋ ነው። በሳምንት ወይም በ10 ቀን ማሰሮውን ይሸፍናል። አሳሳቹ ትሪኮደርማ የሚባለው ሻጋታ ነው። እሱም መጀመሪያ ነጭ ነው፤ ግን ሳሳ ያለና ጠፍጣፋ ነው፣ ከእንጉዳዩም ይፈጥናል፣ በሦስት አራት ቀን ሰፍቶ መሀሉ አረንጓዴ ይለብሳል። ስለዚህ በጣም የፈጠነ ነጭ ሲታይ ከመደሰት መጠርጠር ይሻላል። ግራጫ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ጫፉ ላይ የያዘ ጸጉር የዳቦ ሻጋታ ነው። ጥቁር ዱቄት የመሰለው አስፐርጂለስ ነው። የሚያብለጨልጭ፣ ንፍጥ መሳይ ቢጫ ወይም ክሬም ነጠብጣብ ባክቴሪያ ወይም እርሾ ነው፤ ቢጫ ላብ ግን አንዳንዴ እንጉዳዩ ራሱ የሚያወጣው ፈሳሽ ነው፣ አያስደነግጥም።

ቀለም ያወጣ ሻጋታ ያለበትን ማሰሮ ክፍሉ ውስጥ አትክፈቱ። ቀለሙ ማለት የሻጋታው ዘር ደርሷል ማለት ነው፤ ክዳኑ ሲነሳ በሚሊዮን የሚቆጠር ይበተናል፤ ለሳንባም አይበጅም። ከነክዳኑ ቀቅላችሁ ጣሉት። ሻጋታው ገና ነጭ ሆኖ ጥግ ላይ ብቻ ካለ ግን ማዳን ይቻላል። የተለመደው ስህተት መጥፎውን ቆርጦ ጥሩውን መተው ነው። ማድረግ ያለባችሁ ተቃራኒውን ነው፦ መጥፎውን ሳትነኩ፣ ከእሱ በጣም ከራቀው የድሩ ጫፍ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ወስዳችሁ አዲስ ማሰሮ ላይ አኑሩ። ጫፉ ወጣቱና ፈጣኑ ክፍል ስለሆነ ከቆሻሻው ቀድሞ ሄዷል። ባክቴሪያ ካስቸገረ ቁራጩን ከአዲሱ አጋር ሥር ሸጉጡት፤ ድሩ አጋሩን ሰንጥቆ ወደ ላይ ይወጣል፣ አብዛኛው ባክቴሪያ ከታች ይቀራል። በዚህ መልክ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲዘዋወር ማሰሮው ሙሉ ነጭ፣ እኩል፣ ሽታውም የትኩስ እንጉዳይ ይሆናል። ያ እናት ዘር ነው።

እናት ዘርን ያለ ማቋረጥ ከማሰሮ ወደ ማሰሮ ማዛወር ያዳክመዋል፤ ድሩ ይዘገያል፣ ምርቱም ይቀንሳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ማሰሮዎች ለይታችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ በ4 ዲግሪ አካባቢ ብትይዟቸው ለወራት ይቆያሉ። ሮዝ ኦይስተር የሚባለው ዝርያ ግን ብርድ ይገድለዋልና ማቀዝቀዣ አታስገቡት። መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት ደግሞ ሌላ መላ አለ፦ ድሩ የያዛቸውን ትንንሽ ቁራጮች የተቀቀለና የቀዘቀዘ ንጹህ ውሃ ባለው ጠርሙስ ከትቶ በቀዝቃዛ ጥላ ማኖር። ምግብ ስለሌለ አያድግም፣ ግን አይሞትም፤ አጋር ላይ ሲመለስ ይነሳል።

ለገለባው የሚሆነው ዘር ከዚህ ይቀጥላል። ማሽላ ወይም ስንዴ ለስለስ እስኪል ተቀቅሎ፣ ላዩ እስኪደርቅ ተሰጥቶ፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደገና በፕሬሸር ድስት ለሁለት ሰዓት ከተቀቀለ በኋላ፣ ሲቀዘቅዝ ከእናት ዘሩ ሁለት ሦስት ቁራጭ ይገባበታል። ጠርሙሱ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን አንዴ ይናጥ። ፍሬዎቹ ሁሉ ነጭ ሲለብሱ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ለገለባ ይደርሳል። መርፌ የምታህል አረንጓዴ ነጥብ የታየችበት ጠርሙስ ግን ወደ ገለባ አይሄድም።