ልብ ሲደክም ነርቭ የሚሰማው ወሬ

ጣትዎን እጅዎ አንጓ ላይ አድርገው ከተኙበት ብድግ ይበሉ። ምቱ ወዲያው ሲፈጥን ይሰማዎታል። ግማሽ ሊትር ያህል ደም ወደ ሆድና ወደ እግር ስለወረደ፣ አንጎል እንዳይጎድልበት ነርቮች ልብን አፍጥነው ደም ሥሮችን አጥብበዋል። ወሬውን ያደረሱላቸው አንገት ላይ ባለው ትልቅ ደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ የተቀመጡ የነርቭ ጫፎች ናቸው። ግድግዳው ሲወጠር አብዝተው ምልክት ይልካሉ፤ ሲላላ ዝም ይላሉ።

በልብ ድካም መከራው የሚጀምረው ከዚህ ዝምታ ነው። የደከመ ልብ የሚረጨው ደም ትንሽ ነው፤ ዝምታውን የሰሙት ነርቮች መጉደሉን እንጂ ምክንያቱን አያውቁም። ሰውየው ቆስሎ እየደማ ያለ ይመስላቸዋል። ደም ሥር ይጠብባል፣ ኩላሊት ጨውና ውሃ ይይዛል። ለቆሰለ ሰው ይህ ነፍስ አድን ነው፤ ለደከመ ልብ ግን ሸክም ላይ ሸክም። እግር ያብጣል፤ ትራስ ደራርቦ መተኛት ይመጣል። ልብ በደከመ ቁጥር ነርቮቹ ይበልጥ ይወተውቱታል።

አዙሪቱን ማውራት ቀላል ነው። ከነርቭ፣ ከኩላሊትና ከልብ የትኛው ምን ያህል እንደሚገፋ መለየት ግን ሁሉም አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ያስቸግራል። ሞዴል ያስፈለገው ለዚህ ነው። በ1972 አርተር ጋይተንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሚሲሲፒ የደም ዝውውርን ቁጥጥር ከ300 በላይ በተያያዙ ስሌቶች ጽፈው በኮምፒውተር አስኬዱት። ጋይተን ቀዶ ሐኪም ለመሆን ሲሠለጥን ፖሊዮ እጅና እግሩን ስለጎዳው ወደ ምርምር የዞረ ሰው ነበር፤ እንደኔ ለሕክምና የዋለው ትልቁ ውለታ ያ ሞዴል ነው።

በእንዲህ ያለው ሞዴል ውስጥ የአንገቱ ነርቭ አንድ ጠማማ መስመር ነው፤ ግፊት ይገባል፣ ምልክት ይወጣል። በጤነኛ ወጣት ግፊቱ በ1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲጨምር በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ 15 ሚሊሰከንድ ገደማ ይረዝማል፤ በጠና የልብ ድካም ከ3 በታች ሊወርድ ይችላል። ተመራማሪው ኩላሊቱን ሳይነካ ይህችን መስመር ብቻ ዝቅ አድርጎ የሳምንታቱን ውጤት በደቂቃዎች ያያል። በታማሚ ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም።

ጋይተን ግን የአንገቱ ነርቮች በቀናት ውስጥ አዲሱን ግፊት ለምደው ይተዉታል ብሎ ነበር። የልብ ድካም ታማሚዎች ነርቭ ለዓመታት ሲወተውት መታየቱ የኋለኞቹ ሞዴሎች ወደ ኩላሊት ለሚሄደው ነርቭ ሰፊ ቦታ እንዲሰጡ አድርጓል።

ሐኪሞች ውትወታውን የሚያበርዱት ቤታ ብሎከር በሚባሉ መድኃኒቶች ነው። ስዊድን ጎተንበርግ ውስጥ በ1975 ለደከመ ልብ መሰጠታቸው ሲነገር ብዙዎች አደገኛ ነው አሉ፤ በ1999 የወጡ ትልልቅ ጥናቶች ሞትን እንደሚቀንሱ አሳዩ። ዛሬም የሚጀመረው በጣም በትንሽ መጠን ነው፤ ልቡ በዚያ ውትወታ ተደግፎ ቆሟልና ድጋፉ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እየተባለ ይነሳለታል።