ያውቁ ኖሯል? ከካቡል እስከ መቅደላ
(ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

እንግሊዞች ከሕንድ ተነሥተው አፍጋኒስታን በገቡበት በ1839 ኤደንንም እንደያዙ ያውቁ ኖሯል? ኋላ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም የኤደን ረዳት ሹም ነበር።

የካቡል ሕዝብ ተነሥቶ የእንግሊዙን የፖለቲካ ሹም አሌክሳንደር በርንስን የገደለው በኖቬምበር 1841 ነው። በዚያው ወር ሸዋ ላይ ሻምበል ሃሪስ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነት ውል ይፈራረም ነበር።

በጃንዋሪ 1842 ከካቡል ወደ ጃላላባድ በበረዶ ከሸሹት 16,000 ያህል የእንግሊዝ ጦር ሰዎችና ተከታዮቻቸው የተረፈው ሐኪሙ ብራይደን ብቻ ነው ይባላል። ተጋንኗል። የተማረኩም፣ ዘግይተው የደረሱም ነበሩ።

በዚሁ ጦርነት ዘመን ቡኻራ ላይ የተገደሉትን ሁለት እንግሊዛውያን መኮንኖች ፍለጋ የሄደው ቄስ ጆሴፍ ዎልፍ፣ ቀደም ሲል በ1836 ሐበሻ አገር ታሞ ያገኘውን ሚሲዮናዊ ሳሙኤል ጎባትን እስከ ጅዳ ያደረሰ ሰው ነው።

እንግሊዞች በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ወደ ዘመቱበት ወደ መቅደላው ዘመቻ እንምጣ። በ1868 ከአዛዡ ከናፒየር ጋር 13,000 ያህል ወታደርና መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች መጡ። ከእነሱ ውስጥ 23ኛው የፑንጃብ ጦር ነበር፤ መንገድ ጠራጊም ተዋጊም ነው። አሮጌ በተባለው ስፍራ ላይ የእንግሊዙ ወታደር አዲሱን የስናይደር ጠመንጃ ሲተኩስ፣ ፑንጃቦቹ ግን የያዙት በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ስለነበር፣ ከቴዎድሮስ የጦር መሪ ከገብርዬ ሰዎች ጋር በሳንጃና በጦር ተሞሻለቁ። ድሉን ለስናይደር ብቻ የሚሰጥ ሁሉ ይህን ይዘላል። ይኸው የፑንጃብ ጦር በ1880 በሁለተኛው የአፍጋኒስታን ጦርነት ከካቡል እስከ ካንዳሃር 500 ኪሎ ሜትር ያህል በሦስት ሳምንት ገደማ ተጉዞ ተዋግቷል።

ጉዞውን የመራው ፍሬድሪክ ሮበርትስስ? በ1868 ዙላ ወደብ ላይ ጓዝ ሲያራግፍና ሲያስጭን ከርሞ መቅደላን በዓይኑ ሳያይ የተመለሰ መኮንን ነበር። ኋላ «የካንዳሃር ሎርድ» ተባለ፤ ናፒየር ደግሞ «የመቅደላ»።

በ1839 እንግሊዞች ሻህ ሹጃን ካቡል ላይ አንግሠው ሊቆዩ ሞከሩ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ እሱም ተገደለ። ከመቅደላ ግን ወዲያው ወጡ። ሲወጡ ለትግራዩ ካሣ ምርጫ መድፎችና 850 ጠመንጃ ተዉለት፤ ካሣም በ1871 ዓድዋ አጠገብ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል ነሥቶ፣ በዓመቱ ዮሐንስ 4ኛ ተብሎ ነገሠ።